በእንጦጦ ያልታየው ጠመንጃ፦ የውሃ አእዋፍን ያመናመነው የጀልባ ጠመንጃ ታሪክና ትምህርቱ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው የጉለሌ ክፍለ ከተማ የእንጦጦን ተራራማ ስፍራዎች ያካትታል። እንጦጦ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት በመናገሻነት ያገለገለ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበት ታሪካዊ ስፍራ ነው። ስፍራው በዚያን ዘመን ከባሕር ወደብ ተነስተው በረሃውን አቋርጠው የሚመጡ የጦር መሣሪያ ነጋዴዎች ጉዞ ማብቂያም ነበር።

ከነዚህ ነጋዴዎች መካከል ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ አንዱ ነው። ራምቦ ቅኔ መጻፉን ትቶ በንግድ ሥራ ከተሰማራ በኋላ ከታጁራ ተነስቶ በ1879 ዓ.ም በአንኮበር በኩል እንጦጦ ሲደርስ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎችን ይዞ እንደነበር የታሪክ ሰነዶች ያመለክታሉ። ጠመንጃዎቹ የአውሮፓ ሠራዊቶች አሮጌ ናቸው ብለው ያስወገዷቸው፣ በካፕሱል የሚተኮሱ ነበሩ። ከዚያም በኋላ በየጊዜው የገቡት ሰናድር፣ ውጅግራና ምንሽር የመሳሰሉት ጠመንጃዎች ስማቸው በአማርኛ ተለምዶ እስከ ዛሬ በቀረርቶና በፉከራ ይነሳል።

አውሮፓ ያረጀባትን መሣሪያ ሁሉ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በምትልክበት በዚያ ዘመን ወደ እንጦጦ ያልመጣ አንድ የጠመንጃ ዓይነት ነበር። ይህም በሐይቅና በረግረግ ላይ የሚያርፉ ዳክዬዎችንና ዝይዎችን በአንድ ተኩስ በጅምላ ለመግደል የተሠራው ግዙፍ የአደን ጠመንጃ ነው። በእንግሊዝኛ «ፐንት ጋን» ይባላል። «ፐንት» ማለት ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ በመሆኑ መሣሪያውን በአማርኛ «የጀልባ ጠመንጃ» ብሎ መጥራት ይቻላል።

ይህ መሣሪያ በተፈለሰፈባቸው አገሮች ምን እንዳስከተለ፣ በምን ዓይነት ሕግ እንደተገታና ወደ አገራችን ለምን እንዳልገባ ማወቅ የተፈጥሮ ሀብትን በማስተዳደር ሥራ ላይ ለተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች ጠቃሚ ትምህርት አለው።

የመሣሪያው ምንነት

የጀልባ ጠመንጃ በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝና በሰሜን አሜሪካ በስፋት ጥቅም ላይ የዋለ መሣሪያ ነው። ከተለመደው ጥይት ይልቅ በርካታ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ የሚረጭ በመሆኑ ከአደን ጠመንጃዎች ወገን ይመደባል። ይሁን እንጂ መጠኑ ከጠመንጃ ይልቅ ወደ ትንሽ መድፍ የሚጠጋ ነበር።

ልዩነቱን ለመረዳት በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቀው ባለ 12 ቁጥር የአደን ጠመንጃ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የባለ 12 ቁጥሩ አፈሙዝ ስፋት 18 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ተኩስ የሚረጨው እርሳስ ክብደት ከ30 ግራም ብዙም አይርቅም። የትልልቆቹ የጀልባ ጠመንጃዎች አፈሙዝ ግን እስከ 51 ሚሊ ሜትር ይሰፋ ነበር። በአንድ ተኩስም ከግማሽ ኪሎ ግራም የማያንስ እርሳስ የሚተፉ ነበሩ። ይህም የአሥራ አምስት ተራ ጠመንጃዎችን ተኩስ በአንድ አፍታ እንደማውጣት የሚቆጠር ነው። በውሃ ላይ ተጠጋግቶ ያረፈ መንጋ ከተገኘ በአንድ ተኩስ ከ50 በላይ ወፎችን መግደል ይቻል እንደነበር ተመዝግቧል።

የመሣሪያው ርዝመት ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚበልጥ፣ ክብደቱም አንድ ሰው በትከሻው ደግፎ ሊተኩስ የማይችለው ነበር። ለአብነት ያህል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታወቀው እንግሊዛዊ አዳኝ ኮሎኔል ፒተር ሃውከር የተጠቀመበት ባለ ሁለት አፈሙዝ የጀልባ ጠመንጃ ወደ 90 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ነበረው። ከሁለቱ አፈሙዞች አንዱ በባልጩት ብልጭታ፣ ሁለተኛው በካፕሱል የሚቀጣጠል በመሆኑ ተኩሶቹ በጥቂት ቅጽበት ልዩነት ይከታተሉ ነበር። የመጀመሪያው በውሃ ላይ ያረፉትን፣ ሁለተኛው ደንግጠው የሚነሱትን ይመታል። ሃውከር እ.ኤ.አ በ1814 ለወጣት አዳኞች ያሳተመው የመመሪያ መጽሐፍ በዘመኑ በሰፊው የተነበበ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የጀልባ ጠመንጃዎች ባሩድና እርሳስ በአፈሙዛቸው በኩል የሚጎርሱ ነበሩ። አዳኙ በመጀመሪያ ባሩዱን፣ ቀጥሎ መወተፊያውን፣ በመጨረሻም እርሳሱን በረጅም ዘንግ እየጠቀጠቀ ያስገባል። ይህ ሥራ ጊዜ የሚወስድ በመሆኑ በአንድ ጉዞ የሚገኘው የተኩስ ዕድል አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነበር። የጠመንጃው መግዘፍ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። የኋላ ኋላ በኋላቸው የሚጎርሱና ቀለህ የሚጠቀሙ ዓይነቶች ተሠርተው ሥራው ቀልሏል።

አዳኙ በውሃ ላይ

በጀልባ ጠመንጃ ማደን ከተኩስ ችሎታ ይልቅ ትዕግሥትንና የውሃን ጠባይ ማወቅን ይጠይቅ ነበር። ጀልባው ጠባብና ዝቅ ያለ ሆኖ ከውሃውና ከሰማዩ ጋር እንዲመሳሰል ግራጫ ወይም ነጭ ቀለም ይቀባል። ጠመንጃው በጀልባው ፊት ለፊት ይጋደማል። አዳኙም ከኋላው በሆዱ ተኝቶ በአጫጭር መቅዘፊያ ወይም በረጅም ዘንግ እየገፋ ያለ ድምፅ ወደ መንጋው ይጠጋል። አደኑ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው ጎህ ሲቀድ ወይም በጨረቃ ብርሃን ነበር። በአሜሪካ ደግሞ በሌሊት ፋኖስ አብርተው የወፎቹን ዓይን በማደናገር የሚተኩሱ አዳኞች እንደነበሩ ይታወቃል።

ጠመንጃው በራሱ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ እንደ ልብ አይዞርም። በመሆኑም አዳኙ የሚያነጣጥረው ጀልባውን በማዞር ነው። ከ60 እስከ 70 ሜትር ያህል ሲቀርብ ቃታውን ይስባል። የኋልዮሽ ርግጫው የሰው ትከሻ ሊሸከመው የማይችል በመሆኑ ጠመንጃው በወፍራም ገመድ ከጀልባው አካል ጋር ይታሰራል። ሲተኮስም ጀልባው ራሱ በውሃው ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ አዳኙ ቆስለው የቀሩትን በትንሽ ጠመንጃ እየጨረሰ የወደቁትን ይሰበስባል።

ምርቱን ለማሳደግ የፈለጉ አዳኞች በቡድን መሥራት ጀመሩ። ከስምንት እስከ አሥር የሚደርሱ ጀልባዎች ተሰልፈው በአንድ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ ሙሉ መንጋ ከውሃው ላይ ይጠፋ ነበር።

አደኑን ያስፋፋው ገበያ

መሣሪያው ያን ያህል የገዘፈው ገበያ ስለ ነበረው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ እንደ ባልቲሞር፣ ፊላዴልፊያና ኒውዮርክ ያሉ ከተሞች በፍጥነት ሲያድጉ በሆቴሎቻቸውና በምግብ ቤቶቻቸው የዱር ዳክዬ ሥጋ ተወዳጅ ሆነ። የባቡር ሐዲድ መስፋፋትና በበረዶ አሽጎ መላክ መቻሉ ደግሞ በገጠር የተገደለው ወፍ ሳይበላሽ ከተማ እንዲደርስ አደረገ። ቀድሞ ለቤተሰቡ ጥቂት ወፎችን ያድን የነበረው የባሕር ዳርቻ ነዋሪ በበርሜል እያሸገ የሚልክ ነጋዴ ሆነ።

የዚህ ንግድ ዋነኛ ማዕከል በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች የሚገኘው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነበር። በየዓመቱ ከሰሜን የሚመጡ እጅግ ብዙ ዳክዬዎችና ዝይዎች በሰላጤው ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ይከርማሉ። የጀልባ ጠመንጃም ይበልጥ የሚስማማው ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ ነው። በዚያው አካባቢ የሚገኙ ቤተ መዘክሮች በአሁኑ ወቅት እነዚህን ጠመንጃዎች ለጎብኚዎች ያሳያሉ።

ውጤቱ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ሊነጥፍ አይችልም የተባለው የወፍ ሀብት በየዓመቱ እየሳሳ ሄደ። ለገበያ የሚደረግ አደን ምን ያህል ጥፋት ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳየው ሌላው ምሳሌ በሰሜን አሜሪካ ሰማይ በቢሊዮን ይቆጠር የነበረው ተሰዳጅ እርግብ ነው። የዚህ ዝርያ የመጨረሻዋ ወፍ እ.ኤ.አ መስከረም 1 ቀን 1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ሞታ ዝርያው ከምድር ጠፍቷል።

ከጥፋት በኋላ የመጣ ሕግ

የአሜሪካ የሕግ አካላት ለችግሩ የሰጡት ምላሽ ደረጃ በደረጃ የተከናወነ ነው። በርካታ ግዛቶች ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ) ጀምሮ የጀልባ ጠመንጃን ከልክለዋል። ክልከላው ግን የታሰበውን ውጤት አላመጣም። ረግረጉ ሰፊ፣ ተቆጣጣሪው ጥቂት፣ ሌሊቱም ረጅም ነበር። በአንዱ ግዛት የተከለከለው አዳኝ ያደነውን በሌላው ግዛት መሸጥ ይችላል። ወፎቹም የግዛት ወሰን አያውቁም።

በመሆኑም የፌዴራሉ መንግሥት መጀመሪያ የነካው ጠመንጃውን ሳይሆን ንግዱን ነው። እ.ኤ.አ በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ የግዛትን ሕግ ጥሶ የተገደለን የዱር እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት ማጓጓዝን ወንጀል አደረገ። ቀጥሎም አሜሪካ እ.ኤ.አ በ1916 በካናዳ ስም ከተዋዋለችው ብሪታኒያ ጋር የተሰዳጅ አእዋፍ ስምምነት ተፈራረመች። ስምምነቱን ሥራ ላይ ለማዋልም እ.ኤ.አ በ1918 የተሰዳጅ አእዋፍ ስምምነት ሕግ ወጣ። ለገበያ የሚደረገው የውሃ ወፍ አደን በሕግ የተዘጋው በዚህ ነው።

የሚዙሪ ግዛት ይህ ሕግ ለግዛቶች የተሰጠውን ሥልጣን የሚጋፋ ነው ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀርቦ እ.ኤ.አ በ1920 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ወፎቹ ዛሬ በአንዱ ግዛት ነገ በሌላው የሚገኙ በመሆናቸው የማንም ግዛት ብቸኛ ንብረት ሊሆኑ እንደማይችሉ በማመልከት የፌዴራሉን ሕግ አጽንቷል። ስምምነቱና ሕጉ ባይኖሩ ኖሮ የትኛውም ወገን ሥልጣኑን የሚያሳርፍበት ወፍ ላይኖር ይችል እንደነበርም አስገንዝቧል። ውሳኔው በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ወሰን ተሻጋሪ የተፈጥሮ ሀብት በማን ሊተዳደር ይገባል ለሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ በዋቢነት የሚጠቀስ ነው።

በአሁኑ ወቅት የአሜሪካ የፌዴራል የአደን ደንብ የጀልባ ጠመንጃን በስሙ ጠቅሶ ለተሰዳጅ አእዋፍ አደን እንዳይውል ይከለክላል። ከባለ 10 ቁጥር የሚበልጥ ማንኛውም የአደን ጠመንጃም ለዚሁ ዓላማ ሊውል አይችልም።

ብሪታኒያ የተከተለችው መንገድ የተለየ ነው። መሣሪያውን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ በልክ ወሰነችው። እ.ኤ.አ በ1981 የወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር አካባቢ ሕግ ለወፍ አደን የሚውል ጠመንጃ አፈሙዝ ከ44 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ደንግጓል። እ.ኤ.አ በ1995 የተደረገ የዳሰሳ ጥናት በአገሪቱ በሥራ ላይ የነበሩት የጀልባ ጠመንጃዎች ከ50 ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። በሊንከንሻየር በምትገኘው ካውቢት በተባለች መንደር ከንግሥት ቪክቶሪያ የ60ኛ ዓመት የንግሥና በዓል፣ ማለትም እ.ኤ.አ ከ1897 ጀምሮ፣ በንግሥ ሥርዓቶችና በንግሥና ኢዮቤልዩ በዓላት ወቅት በእነዚህ ጠመንጃዎች የክብር ተኩስ የመተኮስ ልማድ አለ። እ.ኤ.አ በ2012 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የ60ኛ ዓመት በዓል 21 የጀልባ ጠመንጃዎች ተተኩሰዋል።

ግዙፍ የአደን ጠመንጃ በኢትዮጵያ

አገራችን የጀልባ ጠመንጃን ባታውቅም ግዙፍ የአደን ጠመንጃ ፈጽሞ አልደረሰባትም ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ በ1861 እና በ1862 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍ፣ በሰቲትና በአትባራ ወንዞች አካባቢ፣ ዝሆንና ሌሎች ትላልቅ እንስሳትን ሲያድን ቆይቷል። ሰቲት የተከዜ ወንዝ የታችኛው ክፍል ስም ነው። ቤከር ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ ከ220 ግራም በላይ የሚመዝን ፈንጂ ጥይት የሚተኩስ ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር።

አብረውት የነበሩት አረብኛ ተናጋሪ አዳኞች መሣሪያውን «የመድፍ ልጅ» የሚል ስም ሰጡት። በአረብኛውም በአማርኛውም «መድፍ» የሚለው ቃል አንድ በመሆኑ ስያሜውን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ቤከር እ.ኤ.አ በ1867 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ጠመንጃው ሲተኮስ እርሱኑ እንደሚያሽከረክረውና መተኮሱን ይፈራ እንደነበር ጽፏል። በአንጻሩ በዚያው አካባቢ የሚኖሩት የሐምራን አዳኞች በፈረስ እየጋለቡ ዝሆንን በሰይፍ ያድኑ ነበር።

በኢትዮጵያ የጠመንጃ መብዛት ያመናመነው ዳክዬን ሳይሆን ዝሆንን ነው። የዝሆን ጥርስ ከወርቅ፣ ከዝባድና ከቡና ጋር የውጭ መሣሪያ መግዣ ነበር። ጠመንጃ በበዛ ቁጥር ዝሆን ይገደላል፤ ዝሆን በተገደለ ቁጥር ጠመንጃ ይገዛል። የቼሳፒክን ዳክዬዎች ያጠፋው የገበያና የመሣሪያ ትስስር በአገራችን በዝሆን ላይ ተደግሟል። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ታሪክ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1909፣ በተለይ የዝሆን አደንን ለመቆጣጠር የወጣውን ደንብ ከመጀመሪያዎቹ የጥበቃ እርምጃዎች አንዱ አድርጎ ያወሳል።

የጀልባ ጠመንጃ ለምን አልገባም

ኢትዮጵያ የውሃ ወፍ አላነሳትም። ከጣና እስከ ጫሞ ያሉት ሐይቆችና ደጋማዎቹ ረግረጎች በርካታ ዝርያዎችን ያስተናግዳሉ። በአውሮፓና በእስያ የሚራቡ ዳክዬዎችም የክረምቱን ብርድ ሸሽተው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይከርማሉ። ይህም ማለት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጀልባ ጠመንጃ ይታደኑ ከነበሩት ዝርያዎች መካከል የተወሰኑት የአገራችን የዓመት እንግዶች ናቸው ማለት ነው።

መሣሪያው እዚህ ያልደረሰበት ዋነኛ ምክንያት ገበያ ያልነበረው መሆኑ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ኅብረተሰብ፣ በተለይም በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ፣ ዳክዬና ዝይ ለምግብነት አይውሉም። ለምግብ የሚታደኑት ወፎች እንደ ቆቅና ጅግራ ያሉ የየብስ ወፎች ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ በወጥመድና በተራ ጠመንጃ ለቤት ፍጆታ የሚያዙ እንጂ በበርሜል ታሽገው ወደ ሩቅ ከተማ የሚላኩ አልነበሩም። በጣና ሐይቅ ላይ በታንኳ የሚቀዝፈው ሰው መረብና ዓሣ እንጂ ባሩድና ዳክዬ አላሰበም።

ስለዚህ በሌላው ዓለም ሕግ ከጥፋት በኋላ የሠራውን ሥራ በአገራችን ባህል ከጥፋት በፊት ሠርቶታል። በእንጦጦ ገበያ የአውሮፓ አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ፈላጊ ሲያገኝ የዳክዬ ጠመንጃ ፈላጊ አላገኘም። የኢትዮጵያ ሐይቆች አእዋፍ ከዚህ መሣሪያ የዳኑት በአዋጅ ሳይሆን በምግብ ልማድ ነው።

የአገራችን የሕግ ማዕቀፍ

ይህ ማለት አገራችን በዘርፉ ሕግ አላወጣችም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ በ1944 የዱር እንስሳት አደንን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 61 ወጥቷል። እ.ኤ.አ በ1970 በትእዛዝ ቁጥር 65 የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ተቋቁሟል። በዚያው ዓመት የባቢሌ የዝሆን መጠለያ የተመሠረተ ሲሆን እ.ኤ.አ በ1972 ዝርዝር የጥበቃ ደንብ ተከትሏል። በ1999 ዓ.ም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቶ በ2000 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። የጦር መሣሪያን በተመለከተም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የፈቃድ ሥርዓት ዘርግቷል።

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት፣ በሕጉ መሠረት የማስተዳደርን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። በአሜሪካ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ያከራከረው የሥልጣን ጥያቄ በአገራችን በሕገ መንግሥቱ መልስ ያገኘ በመሆኑ ለፈጻሚ አካላት የቀረው ተቀናጅቶ መሥራት ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2010 የአፍሪካና የዩራሺያ ተሰዳጅ የውሃ አእዋፍ ጥበቃ ስምምነት አባል ሆናለች። ስምምነቱ እ.ኤ.አ በ1995 በዘሄግ ተዘጋጅቶ በ1999 ሥራ ላይ የዋለ ነው። ከሚያተኩርባቸው ጉዳዮች አንዱ በረግረግ ስፍራ የእርሳስ ፍሬ መተኮስን ማስቀረት ነው። ከጠመንጃ ወጥቶ በውሃው ወለል ላይ የቀረውን እርሳስ ወፎች ጠጠር መስሏቸው ስለሚውጡት ይመረዛሉ። አሜሪካ ለውሃ ወፍ አደን የእርሳስ ፍሬን እ.ኤ.አ በ1991 በመላ አገሪቱ የከለከለች ሲሆን የአውሮፓ ኅብረትም በረግረግ ስፍራዎች ላይ ተመሳሳይ ክልከላ እ.ኤ.አ ከየካቲት 2023 ጀምሮ ተግባራዊ አድርጓል። የጀልባ ጠመንጃ ዘመን ካበቃ በኋላ እንኳ የተኩሱ ጦስ በውሃው ውስጥ መቆየቱን ይህ ያስረዳል።

ጠመንጃ የሌለበት ጥፋት

ባህል ወፎቹን ከአዳኝ ቢጠብቅም የሚኖሩበትን ውሃ ግን አልጠበቀም። የአገራችን የውሃ አእዋፍ የሚገጥማቸው አደጋ ከአፈሙዝ ሳይሆን ከውሃው መጉደልና መበከል የሚመጣ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ደርቆ እንደነበር ይታወሳል። ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለስ ቢጀምርም ሐይቁ ደርቆ በቆየባቸው ዓመታት ለወፎቹ ማረፊያ አልነበረም። የአቢጃታ ሐይቅ ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በመዋላቸውና ውሃው ለሶዳ አሽ ምርት በመሳቡ በእጅጉ ሸሽቷል። በጣና ሐይቅ ላይም የእምቦጭ አረም ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ተስፋፍቷል።

ጉዳዩ ለጉለሌም ሩቅ አይደለም። ከእንጦጦ ተራሮች የሚነሱት ጅረቶች ከተማይቱን አቋርጠው ከትልቁና ከትንሹ አቃቂ ወንዞች ጋር በመቀላቀል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። የአባ ሳሙኤልና የአቃቂ ረግረጎች ተሰዳጅ የውሃ አእዋፍ ከሚያርፉባቸው ስፍራዎች የሚቆጠሩ ሲሆን ከከተማይቱ የሚወርደው ፍሳሽና እምቦጭ ጉዳት አድርሰውባቸዋል። ከእንጦጦ በስተሰሜን ያለው የሱሉልታ ሜዳ ረግረግ፣ በምዕራብ ያለው የገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያ እንዲሁም ወደ ሆለታ አቅጣጫ ራቅ ብሎ የሚገኘው የበርጋ ረግረግም እንዲሁ የአእዋፍ መኖሪያ ናቸው። በገፈርሳ የሚታየው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም። በበርጋ የምትራባው ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ ደግሞ በዓለም ላይ ከመጥፋት አፋፍ ከደረሱት ዝርያዎች አንዷ ናት።

ከዚህ አንጻር በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች በ705 ሄክታር መሬት ላይ ያረፈው፣ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ፋይዳ ከዕፅዋት አልፎ ይሄዳል። በተራራው ላይ በአገር በቀል ዛፍ የተሸፈነ መሬት የዝናብ ውሃን ያሰርጋል፤ አፈርን ይይዛል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ጠባይ በታችኛው ተፋሰስ ያለውን ረግረግ ሁኔታ ይወስናል። በላይኛው ተፋሰስ የሚሠራ የክፍለ ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሥራ በታችኛው ተፋሰስ ለሚያርፍ ወፍ ይደርሳል።

ከታሪኩ የሚወሰደው ትምህርት

የጀልባ ጠመንጃ ታሪክ ለሕግ አውጪውና ለፈጻሚው ሦስት ነጥቦችን ያስጨብጣል። የመጀመሪያው መሣሪያን ብቻ መከልከል በቂ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ አደኑ የቆመው ጠመንጃው በተከለከለ ጊዜ ሳይሆን የወፉ ንግድ በተዘጋ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ወሰን የሚሻገር ሀብት በአንድ አስተዳደር ብቻ ሊጠበቅ አለመቻሉ ነው። ሦስተኛው የአንድ ሀብት ብዛት ዘላለማዊ መስሎ በሚታይበት ጊዜ ልክ ማበጀት ሀብቱ ካለቀ በኋላ ከሚወጣ ጥብቅ ሕግ የሚሻል መሆኑ ነው።

በቼሳፒክ ዳርቻ ቤተ መዘክሮች የሚታዩት ረጃጅም ጠመንጃዎች ዛሬ የሚተኩሳቸው የለም። በአገራችን እንዲህ ያለ ጠመንጃ በቤተ መዘክር የሚቀመጥበት ምክንያት አልተፈጠረም። የሐይቅና የረግረግ መሬት ለመስኖ፣ ለግንባታ ወይም ለፍሳሽ ማስወገጃ እንዲውል የሚቀርብ ሰነድ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ባህል ከጠመንጃው ያተረፋቸው ወፎች በነገው ዘመን ማረፊያ የሚያገኙትም ሆነ የሚያጡት በዚያ ሰነድ ላይ በሚሰፍረው ውሳኔ ነው።